ሁሉም ሰው ሃያ የሚተነፍስበት ክፍል

ሪያድ ሥራ የጀመርኩት በ2017 ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ማለቴ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዴ ኢቃማ ላይ በሂጅራ፣ ኮንትራቱ ላይ በፈረንጅ ስለሚጻፍ በኛ አቆጣጠር የሚጠይቀኝ ሰው እናቴ ብቻ ነበረች። ከዚያ በፊት ደሴ ውስጥ ስምንት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁና ለሥራው እንግዳ አልነበርኩም። እንግዳ የሆነብኝ ክፍሉ ነው፦ አራተኛ ፎቅ፣ የሴቶች የውስጥ ደዌ ክፍል፣ ሠላሳ አልጋ። የሥራ ቋንቋችን እንግሊዝኛ፣ የቁጣ ቋንቋችን ዐረብኛ ነበር።

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ክፉ አልዋለብኝም፤ የምነግራችሁ ነገር ደግሞ በየአገሩ ያለ ነው።

የክፍሉ ዋና ነርስ ሲስተር ጄሲ ትባላለች፤ የሕንድ፣ የኬረላ ሰው ናት። ቁመቷ አጭር፣ እጇ ፈጣን፣ ጫማዋ ድምፅ የሌለው። ስለ እሷ ስታወሩ ከኋላችሁ ቆማ የምታገኟት ዓይነት ሴት። የመጀመሪያው ቀን ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ርክክብ እንዳለቀ ባለ ጎማ ማሽን ሰጠችኝና አሥራ ሁለት በሽተኞች አሳየችኝ። ማሽኑ ግፊት ይለካል፣ የልብ ምት ይቆጥራል፣ ሙቀት ያነባል፣ የኦክስጅኑን መጠን ይናገራል። ደሴ አራት ዕቃ ይዘን የምንሠራውን አንድ ማሽን ሲሠራው አይቼ፣ ይህ አገር ለነርስ ገነት ነው ብዬ አሰብኩ።

ማሽኑ የማይሠራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ትንፋሽ አይቆጥርም። እሱን የተማርኩት ከደሴዋ መምህሬ ነው። የልብ ምት የምታዳምጪ መስለሽ የበሽተኛዋን እጅ ያዢ፣ ዓይንሽን ደረቷ ላይ አድርጊ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። አትንገሪያት፤ ትንፋሿ እንደሚቆጠር ያወቀች ሴት አተነፋፈሷን ትቀይራለች። ስመረቅ ደረት ላይ የሚሰካ ሰዓት ሰጥታኝ ነበር፤ እሱን ሰክቼ ነው ሥራ የገባሁት።

ሦስተኛዋ በሽተኛ ጋ ስደርስ ሲስተር ጄሲ ከኋላዬ ቆማለች።

«ምን እያየሽ ነው?»

«ትንፋሽ እየቆጠርኩ ነው።»

«ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«አንድ።»

«አሥራ ሁለት በሽተኛ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ። ዶክተሮቹ በሁለት ሰዓት ይመጣሉ። ማሽኑ አራቱን ሰጥቶሻል፤ አምስተኛውን ሃያ ብለሽ ጻፊ።»

«ካልሆነችስ?»

«ሲስተር፣ ታወራለች፣ ትበላለች፣ ፊቷ ደህና ነው። ሃያ ናት። ያላ፣ ቶሎ በይ።»

ቻርቱን ገለጥ ገለጥ አደረግኩት። አስም ያለባትም ሃያ፣ ለመውጣት ሻንጣዋን የዘጋችውም ሃያ፣ የሰማንያ ዓመቷ አሮጊትም ሃያ። ሠላሳ አልጋ በአንድ አዛዥ እንደሚሰለፍ ወታደር አንድ ላይ ይተነፍሳል። እኔም ሃያ ብዬ ጻፍኩ። የዚያን ቀን ትንሽ ከበደኝ። በሁለተኛው ወር አልከበደኝም። በዓመቱ መጨረሻ ከክፍሉ ነርሶች ሁሉ ፈጣኗ እኔ ነበርኩ፤ ሰዓቴም ልብስ መቀየሪያው ቁም ሣጥን ውስጥ ከትርፍ ካልሲዎቼ ጋር ተኝቶ ነበር።

ጄሲን እንዳታሟት። ሌላው ሰው ሦስት ጊዜ ወግቶ ያጣውን ደም ሥር በአንድ ጊዜ ታገኝ ነበር። መድኃኒት ሲሳሳት ከሐኪሙ ቀድማ የምታውቅ ሴት ናት። ያለ እሷ ክፍሉ አንድ ቀን አይቆምም ነበር።

በ2019 ሆስፒታሉ አዲስ ደንብ አወጣ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ኡስታዛ ሙና የምንላት ዮርዳኖሳዊት፣ አዳራሽ ሰብስባን አስረዳችን። ከኮሌጅ የወጡ አዲስ ነርሶች በሥልጠና ዓመታቸው በማስረጃ ላይ የተመሠረተ አሠራር የሚባለውን ነገር በተግባር እንዲያሳዩ ይፈለጋል። ከሥራቸው አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ምን እንዳገኙ ያነባሉ፤ ክፍላቸው ምን እንደሚያደርግ ያያሉ፤ አሠራሩን ያሻሽላሉ፤ ከዚያ ለውጥ መምጣቱን ለክተው በዓመቱ መጨረሻ ለአለቆች ያቀርባሉ። ይህን ያላለፈ አይቀጠርም።

ሁለት ልጆች ለእኔ ተሰጡኝ። ለምን እኔ ብዬ ጄሲን ስጠይቃት፣ «የእጅ ጽሑፍሽ ይነበባል» አለችኝ። ሌላ ምክንያት አልነበራትም።

አንዷ ሪም ናት፤ የሪያድ ልጅ፣ ሳውዲ፣ ንግግሯ ከሐሳቧ የሚቀድም። ሌላዋ ሰሚራ፤ የእኛው ሰው ልጅ፣ ግን ጀራዲያ በሚባል የሪያድ ሰፈር ተወልዳ ያደገች። አባቷ ሠላሳ ዓመት በመካኒክነት የኖሩ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ሰሚራ አማርኛን ከቤት፣ ዐረብኛን ከመንገድ ለቅማ ሁለቱን ቀላቅላ ነው የምትናገረው። በሥራ ላይ ሲስተር ሐያት፣ ሁለታችን ብቻ ስንሆን እትዬ ትለኛለች።

በመጀመሪያው ሳምንት ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ነገሯን ሁሉ አወራችልኝ። የአባቷ ኮንትራት በዓመቱ መጨረሻ ያልቃል፤ ቤተሰቡ ኸላስ ጠቅልሎ ወደ አገር ይገባል። ኢቃማዋ በአባቷ ስም ነው። ሆስፒታሉ ከቀጠራት ወረቀቷ ወደ ሆስፒታሉ ይዛወራል፣ ትቀራለች። ካልቀጠራት አብራ ትሄዳለች።

«አገርሽ አይደል፣ ምን አለበት?» አልኳት።

«እትዬ፣ ኮምቦልቻን ሁለት ጊዜ ነው ያየኋት። ሁለቱንም ጊዜ ሆዴን አሞኛል» አለችኝ።

ጥያቄ መምረጥ ነበረባቸው። ሪም ስለ በሽተኞች ምግብ ይሁን አለች፤ እሷ ራሷ ምግቡን ስለማትወደው ነው። ሰሚራ ግን፣ «እትዬ፣ እዚህ ክፍል ለምንድን ነው ሁሉም ሰው ሃያ የሚተነፍሰው?» አለች። ሻዩ ትን አለኝ።

«አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል ይባላል፤ ሰምተሽ አታውቂም?» አልኳት።

«እናቴ ደህና ናት፤ ጧት ደውላልኛለች» አለችኝ።

ነገሩን ላስረሳት ሞከርኩ። ስለዚህ ጉዳይ ማን ያጠናል፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው አልኩ። ሪም አንድ ሰዓት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ይህን የሚያህል ወረቀት አትማ መጣች። ለካስ ጉዳዩ በየአገሩ ተጽፎበታል፤ ነርስ ትንፋሽ አይቆጥርም፣ ይገምታል። በሽተኛ ሊከፋው ሲል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከግፊቱም ከኦክስጅኑም ቀድሞ የሚናገረው ትንፋሹ ነው። አነበብኩና አፈርኩ። እውነቱን ለመናገር ደስም አለኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ብቻ አልነበረም።

ለፈቃድ ጄሲ ዘንድ ገባን። ወረቀቱን አንብባ ቆየች።

«ሃያ መጥፎ ቁጥር ነው?» አለች።

«አይደለም ሲስተር፤ ጥሩ ቁጥር ነው። በዛ እንጂ» አለች ሪም።

ጄሲ ፈረመች። «የክፍሉን ስም በትንሽ ፊደል ጻፉት» ብላ መለሰችልን።

መጀመሪያ የድሮ ቻርቶች አወጣን። ሰሚራ ሃያ ያልሆነውን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ልታከብብ ተዘጋጀች፤ እስክሪብቶው ብዙም ሥራ አልነበረውም። አንድ ቦታ ሃያ አራት ስናገኝ ጠፍቶ እንደ ተገኘ ከብት ተደሰትንበት። የጻፈችው ነርስ ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ሳምንት ነበር።

ከቁጥሩ አጠገብ የጻፈው ሰው ይፈርማል። የእኔ ፊርማ በየገጹ ነበር። ሰሚራ አየችው፤ ገጹን ቶሎ ቶሎ ትገልጥ ጀመር። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀጥሎ ልጆቹ ራሳቸው እየቆጠሩ ከቻርቱ ጋር ማስተያየት ነበረባቸው። እዚህ ላይ ማንም ያልገመተው ነገር ገጠመን። አልጋ ሰባት ላይ ኡም ሳሊሕ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ፤ የልብ ድካም ስላለባቸው በየሁለት ሦስት ወሩ ይመላለሱብናል። ሰሚራ እጃቸውን ይዛ፣ ዝም ብላ፣ ዓይኗን ደረታቸው ላይ ተክላ አንድ ደቂቃ ቆመች። ኡም ሳሊሕ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ በረጅሙ ተነፈሱ፣ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ሰሚራ ስትጨርስ «አሚን» አሉና ተምር አስጨበጧት።

ሩቅያ መስሏቸዋል። ልጅቷ ቁርኣን በሆዷ እየቀራችላቸው ነው ብለው ነው ያመኑት።

በማግስቱ፣ ሐበሻዋ ስትቀራብኝ ደረቴ ቀለል አለኝ ብለው ለክፍሉ አወሩ። ከአልጋ ስድስትም ከአልጋ ዘጠኝም ለእኛም ትቅራልን የሚል ጥያቄ መጣ። ሪም ልትረዳ ብትሄድ ኡም ሳሊሕ፣ «አንቺ ይቅርብሽ፤ ስልክሽን ታያለሽ» ብለው መለሷት። ሁሉም በረካ እየጠበቀ በረጅሙ ስለሚተነፍስ የሦስት ቀን ቆጠራችን ተበላሸ።

ሰሚራ ተጨነቀች። ብትነግራቸው ትንፋሻቸው ይቀየራል፤ ባትነግራቸው ማታለል ሆነባት። ኡስታዛ ሙናን ጠየቀቻት። «ቁጠሪ፤ ከቆጠርሽ በኋላ ንገሪያቸው» አለቻት። ሰሚራም ነገረቻቸው። ኡም ሳሊሕ ጥቂት አሰቡና፣ «የትንፋሼን ቁጥር የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፤ አንቺ ግን ሞክሪ» አሏት። ከዚያ ወዲህ ሰሚራ ስትመጣ እጃቸውን ይሰጧትና ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ያዞራሉ፤ እንዳላወቁ ሆነው ሊያስቆጥሯት ነው። ከክፍሉ ሁሉ የጥናቱ ምርጥ ተባባሪ እሳቸው ነበሩ።

የአሠራር ለውጡን ያገኘችው ሰሚራ ናት። የግፊት ማሽኑ ክንድ ላይ የታሰረውን ጨርቅ ነፍቶ እስኪያስተነፍስ ነርሷ ሥራ ፈታ ቆማ ትጠብቃለች። በዚያ ጊዜ እጅ ይዞ መቁጠር ይቻላል፤ ተጨማሪ ጊዜ አይጠይቅም። ቀላል ነገር ነው፤ ሁለት ዓመት ያን ማሽን ስገፋ ለምን እንዳልታየኝ አላውቅም። የእጅ ሰዓት ክፍል ውስጥ ክልክል ስለሆነ ልጆቹ ባጥሐ ገበያ ወርደው ደረት ላይ የሚሰኩ ርካሽ ሰዓቶች ለሁሉም ገዙ። እኔ የራሴን ከካልሲው መሐል አወጣሁት። ባትሪው ሞቶ ነበር፤ ቀየርኩለት።

አንድ ሳምንት ልምምድ፣ ከዚያ አንድ ወር ሥራ። ልጆቹ ቻርቶቹን እንደገና ሲያወጡ ሃያ ጠፍቷል። አሥራ ስምንት፣ ሃያ ሁለት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ አንድ። ሪም ባለ አምስት ቀለም ግራፍ ሠራች። ጄሲ ግራፉን ግድግዳ ላይ ለጠፈችው፤ የክፍሉን ስምም በትልቅ ፊደል አስጻፈችው። ኡስታዛ ሙና ለምርጥ ጥናት የሚሰጠውን ሽልማት ሊያገኝ ይችላል አለች። የሰሚራ መቀጠር ያለቀለት ነገር መሰለ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እኔ ቁጥሮቹ ከየት እንደሚመጡ አውቅ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ከልቤ ቆጠርኩ። በሁለተኛው ግማሹን። በሦስተኛው፣ ሁለት ሰዓት ሲቃረብ፣ ለጎዶሎ ቁጥር አልጋ አሥራ ስምንት፣ ለጥንድ ቁጥር አልጋ ሃያ ሁለት እጽፍ ጀመር። ሌሎቹም የየራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ሻይ ክፍል ውስጥ አንዷ የሥራ ባልደረባዬ፣ «ዛሬ ስንት ነው ፋሽኑ?» ስትል ሁላችንም ሳቅን። የልጆቹ ሥራ ያምራል፣ ሰሚራ ትቀጠራለች፣ ማን ተጎዳ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ከአቀራረቡ አሥር ቀን በፊት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ኡም ሳሊሕ ተመልሰው አልጋ ሰባት ላይ ተኝተዋል። ከጧቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ማሽኑን ይዤ ደረስኩ። ግፊቱ ደህና ነው፣ የልብ ምቱ ትንሽ ፈጠን ብሏል፣ ኦክስጅኑ ድንበሩ ላይ ቢሆንም ማሽኑ አልጮኸም። ዝም ብለዋል፤ እንቅልፍ ነው አልኩ። አሥራ ስምንት ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ወደ አልጋ ስምንት አለፍኩ።

ለሁለት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ ሰሚራ ሰላም ልትላቸው ጎራ አለች። ኡም ሳሊሕ እጃቸውን አልሰጧትም፣ ፊታቸውንም ወደ ቴሌቪዥኑ አላዞሩም። እሷ እጃቸውን ያዘችና ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

«ሲስተር ሐያት፣ ሰባት ቁጥር አሥራ ስምንት ነበሩ?»

«ነበሩ» አልኳት።

«አሁን ሠላሳ አራት ናቸው።»

ሄጄ በራሴ ሰዓት ቆጠርኩ። ሠላሳ አራት። ከንፈራቸው መጥቆር ጀምሯል። ሐኪሙን ጠራሁ፤ ጄሲ ኦክስጅን ይዛ መጣች፤ የዚያን ቀን ጫማዋ ድምፅ ነበረው። ሳንባቸው ውኃ ቋጥሯል። ወዲያው መድኃኒት ተሰጥቷቸው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ወረዱ።

አልሞቱም፤ እንዳትጨነቁ ቀድሜ ልንገራችሁ። በአምስተኛው ቀን ስለ ምግቡ እያማረሩ ተመልሰዋል። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ይህን አላውቅም ነበር።

ሐኪሙ ቻርቱን እያየ፣ «ከአሥራ ስምንት ወደ ሠላሳ አራት በሃያ አምስት ደቂቃ? ምን ተፈጠረ?» አለኝ። «ድንገት ነው የተነሣባቸው» አለች ጄሲ በእኔ ፈንታ። ሰሚራ ሰዓቷን በእጇ ጨብጣ ቆማ ታየኛለች። ፈራሁ። ሴትየዋ ይሞቱብኛል ብዬ ፈራሁ፤ ከዚያም አልፌ፣ ኮንትራቴ አይታደስም ብዬም ፈራሁ። ሁለቱ ፍርሃት አንድ ላይ መጡ፤ የትኛው እንደቀደመ ዛሬም ባልናገር እመርጣለሁ።

ከምሳ በኋላ ሰሚራን አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ጠራኋት።

«አልቆጠርኩም» አልኳት። «አሥራ ስምንቱ ከጭንቅላቴ ነው የመጣው። የወሩ ቁጥርም አብዛኛው እንደዚያው ነው።»

የተቆለሉት አንሶላዎች ላይ ቁጭ አለች። «የሁሉም?»

«የሁሉንም አልምልም። የራሴን ነው የምነግርሽ።»

«እትዬ፣ ግራፉስ?»

«ግራፉ ውሸት ነው።»

የአንዱን አንሶላ ጠርዝ አጣጠፈች። ከዚያ፣ «አባቴ ሻንጣ ገዝቶ ገብቷል፤ ትላንት ከባጥሐ። አራት። አንዱ የእኔ ነው» አለችኝ።

«አንቺ የመሰለሽን አድርጊ» ብያት ወጣሁ። ያን የሚያህል ሸክም በሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ጥዬ መውጣቴ ሲታወሰኝ ዛሬም ያሳፍረኛል።

እሷ ግን አደረገችው። በቀሩት ቀናት ሁለቱ ልጆች ልኬቱን ለወጡት። ነርሷ ግፊትና ሙቀት ስትለካ አንዳቸው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አልጋ፣ ከመጋረጃው ማዶ በክፍተቱ እያየች ትቆጥራለች፤ ከዚያ ሁለቱን ቁጥሮች ያስተያያሉ። ጄሲ ሐሳቡን ስትሰማ መጋረጃውን ራሷ አስተካከለችላቸው፤ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። የወጣው ውጤት የሚያምር አልነበረም። ሪም ለባለ አምስት ቀለም ግራፏ አለቀሰች፤ ከዚያ በሁለት ቀለም ሌላ ሠራች።

የአቀራረቡ ቀን አዳራሹ ሞላ። የነርሶች ዳይሬክተሯ ከፊት ተቀምጣለች። ሰሚራ መጀመሪያ ያማረውን ግራፍ አሳየች። «ሠራነው ብለን ያመንነው ይህን ነው» አለች። ሁለተኛውን አሳየች። «የሠራነው ይህን ነው። ባልደረቦቻችን ሃያ መጻፍ እንዲተዉ ነገርናቸው፤ ተዉ። እንዲቆጥሩ ግን አላደረግንም።» አዳራሹ ሳቀ። ቀጥላ ስም ሳትጠራ የአልጋ ሰባትን ነገር ስትተርክ ሳቁ ቆመ።

ዳይሬክተሯ፣ «አሥራ ስምንቱን የጻፈው ማነው?» አለች።

«በጥናቱ ደንብ ስም አንጠራም» አለች ሰሚራ።

«ጥናቱን አይደለም የጠየቅኩት። አንቺን ነው።»

ሰሚራ ወረቀቷን አጥፋ መልሳ ዘረጋችው። አራተኛውን ሻንጣ እያሰበች እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም እሱን ነበር የማስበው። ተነሣሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ስለ አሥራ ሁለቱ በሽተኞች፣ ስለ ሁለት ሰዓቱ ጉብኝት ልጨምር አማረኝ፤ አልጨመርኩም።

ከኋላ ወንበር ተንቀሳቀሰ። ጄሲ ቆማለች። «በመጀመሪያው ቀኗ ሃያ ብለሽ ጻፊ ያልኳት እኔ ነኝ» አለች።

ሌላ የተነሣ ሰው የለም። ሁሉም ጫማውን ነበር የሚያየው። ፊልም አልነበረም።

እኔና ጄሲ በጽሑፍ ኢንዛር ተሰጠን፤ ማስጠንቀቂያው ፋይላችን ውስጥ ገባ። ኮንትራቴ በሁለት ዓመት ፈንታ በአንድ ዓመት ታደሰ። ሽልማቱን ስለ በሽተኞች ነጠላ ጫማ ያጠናው ክፍል ወሰደ፤ ጥሩ ጥናት ነበር፣ የማያንሸራትቱ ጫማዎች ናቸው። ሰሚራ ተቀጠረች። ኡስታዛ ሙና ምክንያቱን ስትነግረኝ፣ «ያማረ ግራፏን በገዛ እጇ ያፈረሰች ነርስ እስከ ዛሬ አልገጠመችኝም» አለችኝ። አባቷ ሦስት ሻንጣ ይዘው ገቡ። አራተኛው ጀራዲያ ቀረ፤ ሰሚራ የክረምት ብርድ ልብሶቿን ታስቀምጥበታለች።

ልጆቹ ከዚያ በኋላ ለክፍሉ አንድ ደንብ አመጡ፦ ያልተቆጠረ ትንፋሽ ባዶ ይተዋል። ጄሲ ለሳምንት ታገለቻቸው፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ባዶ ቦታ ያስነውራል አለች። በመጨረሻ ተስማማች። በርክክብ ላይ፣ «አልጋ አራት ባዶ ነው፤ ማን ይቆጥራል?» ማለት ተለመደ። በመጀመሪያው ወር ክፍሉ በባዶ ቦታ ተሞላ፤ እየቆየ ቀነሰ። በዓመቱ ኮሮና ሲመጣ ትንፋሽ ለምን ይቆጠራል ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልቀረም። እኛ ግን ቢያንስ እጃችን ለምዶ ነበር።

ኡም ሳሊሕ ለክትትል ሲመጡ እኔን አይጠሩም ነበር። «ቆጣሪዋ የት አለች?» ነው የሚሉት።

በ2022 ሥራዬን ለቅቄ ወደ ደሴ ተመለስኩ። የመጨረሻው ቀን አዲስ የተመረቀች አንዲት ልጅ አብራኝ ነበረች። የመጀመሪያዋ በሽተኛ ጋ እጅ ይዛ ቆማ ቀረች። ሁለት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል፤ አንድ ነገር ልላት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ደቂቃዋን እስክትጨርስ ከኋላዋ ቆሜ ጠበቅኳት። ስንወጣ ደሴ የተሰጠኝን ሰዓት ዩኒፎርሟ ላይ ሰካሁላት፤ ባትሪውን በዚያው ሳምንት ቀይሬለት ነበር።

ለእናንተ ለአዲሶቹ ነርሶች የምለው ይህን ነው። ያልቆጠራችሁትን አትጻፉ፤ ባዶ ተዉት። ባዶ ቦታ ያየ ሰው ሄዶ ይቆጥራል፤ ቁጥር ያየ ሰው ግን አልፎ ይሄዳል። እኔ ያን ማክሰኞ አሥራ ስምንት ባልጽፍ ኖሮ፣ ኡም ሳሊሕን ሃያ አምስት ደቂቃ ቀድሞ የሚያያቸው ሰው ይኖር ነበር።